ሬይኖ ካንጋስና ራሷን የምታቀባብለው ጠመንጃ

ሬይኖ ካንጋስ ሰባ ዓመቱን ደፍኖም ጣራ ላይ ወጥቼ በረዶ ካልጠረግሁ የሚል ሰው ነው። ሚስቱ ኢርማ «ተው አንተ ሰውዬ፣ ሰው እንቅጠር» ብላ ስትለምነው ከርማለች። እሱ እቴ! ምክር ሲሰጡት ጆሮው ይደፈናል፤ የካንጋሶች ዘር በሙሉ እንደዚያው ነው። በማርች ወር አንድ ጠዋት አካፋውን ይዞ ወጣ። በረዶው ተንዶ ወረደ፤ እሱም አብሮ ወረደ። ደግነቱ ከታች የተከመረው በረዶ ተቀበለው እንጂ አልቆለት ነበር። ቀኝ ትከሻው ግን ከተደረደረው ማገዶ ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ተሰበረ።

ሐኪሟ ቀድዳ፣ ብረት አስገብታ፣ ሰፍታ ስታበቃ ቁርጡን ነገረችው። «አቶ ካንጋስ፣ ከእንግዲህ በዚህ ትከሻ የሚራገጥ ጠመንጃ እንዳይተኩሱ። ብረቱ ከተነቃነቀ ዳግመኛ የምጠግነው እንዳይመስልዎት።»

ሬይኖ መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ኢርማ ዞረ።

«ሰማሻት? የሚራገጥ ነው ያለችው። ስለማይራገጥ ያነሳችው ነገር የለም።»

«ሬይኖ!»

«እኔ ምን አልኩ?»

ሰውየው የተጨነቀው ለትከሻው አልነበረም። እኛ ጋ፣ በላይኛው ሚሺጋን፣ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ የአጋዘን አደን ሲከፈት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ጋራዥ ይዘጋል፣ ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ይዞ ይጠብቃል። ሰው ሁሉ ብርቱካናማ ካፖርቱን ለብሶ ጫካ ነው። ሬይኖም ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም የመክፈቻ ቀን አምልጦት አያውቅም። ድሮ ጫካው ውስጥ ባለችው የአደን ጎጆ አምስት ሆነው ነበር የሚያድሩት። ሁለቱ ሞቱ፤ አንዱ ፀሐይ ልሙቅ ብሎ አሪዞና ልጁ ጋ ገባ፤ አሁን የቀሩት ሬይኖና ኦርቪል ላቪን ብቻ ናቸው። ኦርቪል ዕድሜውን ሙሉ ግንድ የሚጭን መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ረጅም፣ አፈኛ ሰው ነው። ሬይኖ ደግሞ ያንን መኪና ሲጠግን የኖረ መካኒክ። አንዱ ሲሰብር ሌላው ሲጠግን፣ አንዱ ሲሳደብ ሌላው ሲመልስ አረጁ።

የጎጆዋ ሕግ አንድ ነው። ጠመንጃ ይዞ የማይወጣ ሰው ሽርጥ አስሮ ያበስላል። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ የሚሽረውም የለም።

መጨረሻ ሽርጥ ያሰረው የሬይኖ አጎት ኡርሆ ነበር። ዓይኑ ሲደክም ጠመንጃውን ሰቅሎ ድስቱን ተረከበ። እንደሱ የአጋዘን ሥጋ የሚያጣፍጥ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ሁሉም ጣቱን እየላሰ ነበር የሚበላው። ታዲያ አንድ ቀን ሬይኖ ጓንቱን ረስቶ ከመንገድ ቢመለስ፣ አጎቱ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ማንኪያውን እንደያዘ ጆሮውን ወደ ጫካው ጥሎ ተኩስ ያዳምጣል። ከኋላው ድስቱ ያርራል። ኡርሆ በሕይወቱ ድስት አሳርሮ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ በሚቀጥለው የበጋ ወራት ቀበሩት። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ሬይኖ ግን ሽርጡ ነው የገደለው ይላል፤ ይህን ሊያስተወው የቻለ ሰው የለም።

እና ሬይኖ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ኦርቪል ሊጠይቀው መጥቶ ገና ከበሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይዞህ ወንድሜ፣ ሽርጥህን አጥቤ፣ ተኩሼ አስቀምጬልሃለሁ!» ብሎ ከት ከት አለ። ሬይኖም አብሮ ሳቀ። ኦርቪል ከወጣ በኋላ ግን የቀረበለትን ሾርባ አልነካውም።

አሁን ደግሞ ወደ ጠመንጃው ነገር እንምጣ። የሬይኖ ጠመንጃ የአባቱ ናት። ሰደፏ ዋልነት እንጨት፣ እየተወለወለች ያረጀች፣ በየጥይቱ በእጅ የምትቀባበል፣ እንደ በቅሎ የምትራገጥ። ኦርቪል ደግሞ ገና በወጣትነቱ ራሷን የምታቀባብል ጠመንጃ ገዛ። አንዴ ቃታ ስትስብ ቀለሁን ራሷ ታወጣለች፣ ቀጣዩን ጥይት ራሷ ታጎርሳለች፤ ላንተ የሚቀርህ ቃታውን ደግሞ መሳብ ነው። ሬይኖ በዚህች ጠመንጃ ያልተናገረው የለም።

«ፈንዲሻ ማፈንጃህን ይዘህ መጣህ?»

«አንተ ያችን የአባትህን ብረት እስክታቀባብል አጋዘኑ ካናዳ ይገባል።»

«ስማ ኦርቪል፣ ሁለተኛ ጥይት የሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያውኑ ቃታ መሳብ አልነበረበትም።»

ይህ እንግዲህ በየዓመቱ፣ በየምሽቱ፣ አንዳንዴም ሳውና ውስጥ ራቁታቸውን ተቀምጠው እያላባቸው ነው። እንዲህ ሲል አርባ ዓመት የኖረ ሰው በምን ዓይኑ ሄዶ ራሷን የምታቀባብል ጠመንጃ ስጡኝ ይላል? ሞት ይሻለዋል። ግን ሐኪሟ የከለከለችው የሚራገጠውን ነው፤ ከነዚያ ጠመንጃዎች ደግሞ አንዳንዶቹ ብዙም አይራገጡም ሲባል ሰምቷል። በበልጉ ብዙ አሰበ። በሴፕቴምበር አንድ ማለዳ ኮቴውን አጥፍቶ ሲወጣ፣ ኢርማ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ አገኛት።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ጥርስ ሐኪም።»

«ጥርስህን ማታ ብርጭቆው ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ይልቅ ንዳ።»

ማንም ወደማያውቀው ከተማ፣ ከሁለት አውራጃ ወዲያ ሄዱ። እዚያ ዶሪን የምትባል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ እሱኑ የምትፈልግ ሴት ጠመንጃ ትሸጣለች፤ ከሱቁ ጀርባም መተኮሻ ሜዳ አላት። ሬይኖ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ ገባ።

«ራሱን የሚያቀባብል እፈልግ ነበር። ለወንድሜ ነው።»

ዶሪን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ወንድምዎ ቀኝ እጁን ማንሳት ይከብደዋል?»

ኢርማ ሳቋን ለመደበቅ ስትል ሳለች።

ዶሪን ሦስት አወጣች። የመጀመሪያዋ ሰደፏ እንጨት፣ አፈሙዟ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሰማያዊ፣ የአባቱን ጠመንጃ እህት የምትመስል ናት። ሬይኖ ሲያያት ልቡ ቅቤ ጠጣ። «ይህቺስ ሰው ትመስላለች!» አለ። አነጣጠረ፣ ተኮሰ። ቀለሁ በቀኝ በኩል ዘሎ ወጣ፤ ዓይኑን እስኪያርገበግብ ሁሉ ነገር ተከፍቶ ተዘግቶ አልቋል። የሬይኖ እጅ ግን የለመደውን ማቀባበያ ፍለጋ ብድግ ብሎ አየር ጨበጠ። አሁን ኢርማ አልቻለችም፤ ሳቀች። እሱም ይስቅ ነበር ትከሻው ባይወጋው። የአባቱን ያህል አትራገጥም፤ ቢሆንም ብረቱ ያለበትን ቦታ ፈልጋ አገኘችው።

«እንዴት ናት?» አለች ዶሪን።

«ጥሩ ናት።»

«ፊትዎ እንደዚያ አይልም።»

ሁለተኛዋ የጣልያን ሥራ ናት። ቀጭን፣ ግራጫ፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ከሚታየው ዕቃ ሁሉ ጋር የምትዛመድ። ወደ ትከሻ ስትነሳ ግን ማንም ሳይጠራት በራሷ ፈቃድ የምትመጣ ነው የምትመስለው። ሬይኖ «እህ» አለ፤ ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። እንደ ጃንጥላ ቀላል ናት። ችግሩም እሱ ነው፤ ቀላል የሆነ ጠመንጃ ይብሱን ተራግጦ ክርኑን ይሰነዝራል። አንዴ ተኮሰና በአያቶቹ ቋንቋ፣ በፊንላንድኛ፣ አንድ ሁለት ቃል ወረወረ። ቃሉ የገባት ኢርማ ብቻ ናት፤ ቀላች።

ሦስተኛዋን ሲያይ ሬይኖ ወደ ኋላ አለ። ድፍን ጥቁር። እንጨት የሚባል ነገር አልነካትም። መያዣዋ የመሰርሰሪያ እጀታ፤ ሰደፏ እንደ ክራንች የሚረዝም የሚያጥር።

«ይሄ ምንድነው? ቧንቧ ሠራተኛ ረስቶት የሄደው ነው?»

«ይሞክሩት እስቲ።»

«ሰው ቢያየኝስ?»

«እርስዎን ነው ወንድምዎን?»

ዶሪን እዚህ ላይ አንድ ነገር አደረገች። ከጓሮ የራሷን ወፍራም ካፖርት አምጥታ አለበሰችው፤ በኖቬምበር በሸሚዝ እንደማይተኩስ ታውቃለችና። ከዚያ ሰደፉን ጠቅ ጠቅ አድርጋ አሳጠረችለት። ሬይኖ ጠመንጃውን ቢያነሳ ጉንጩ ያለምንም ትግል ቦታው ላይ አረፈ። የአባቱ ጠመንጃ ለአባቱ ክንድ የተለካች፣ አባቱም እሱን በአንድ ክንድ የሚበልጥ ሰው ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ከካፖርቱ በላይ አንገቱን እንደ ዝይ እየመዘዘ ሲያነጣጥር መኖሩን ገና አሁን አወቀ።

ተኮሰ። ጥርሱን ነክሶ ሕመሙን ጠበቀው። አልመጣም። ጠመንጃዋ ከባድ ናት፤ ሰደፏ ውስጥ ያለው ሞላ ዱላውን ዋጥ አድርጎ ለሱ የላከለት ገፋ ማድረግን ብቻ ነው። ደገመ። ሰለሰ። ዒላማው ላይ ቀዳዳዎቹን የብርጭቆ አፍ ይከድናቸዋል። ሬይኖ ዒላማውን አተኩሮ አየ። ኢርማ የባሏን ዝምታ አንድ በአንድ ታውቃለች፤ ይሄኛው ልጃቸው የተወለደች ቀን የነበረው ዓይነት ነው።

«አስቀያሚ ናት» አለ በመጨረሻ።

«በጣም አስቀያሚ» አለች ኢርማ። «እንግዛት።»

ዶሪን እያሸገች ሳለ ጣቷን ቀሰረችበት። «አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሲያቀባብሉ ማቀባበያውን እስከ መጨረሻ ይጎትቱና በአንዴ ይልቀቁት። እያባበሉ አይመልሱት። ድምፁ ያስደነግጣል፣ ግን በራሱ ጉልበት ካልሄደ አፉን ገጥሞ አይዘጋም፤ ካልተዘጋ ደግሞ አይተኩስም።»

«እሺ እሺ» አለ ሬይኖ። ልቡ ግን ይህን ጥቁር ነገር ከኦርቪል ዓይን እንዴት እንደሚሰውር በማሰብ ላይ ነበር።

መሰወሩስ አላስቸገረውም። ጠመንጃ ከብርድ ወጥቶ የሞቀ ቤት ከገባ መነጽሩን ያልበዋል፤ ስለዚህ ጎጆ ውስጥ አይገባም፤ በረንዳው ላይ ከነማኅደሩ ያድራል። የመክፈቻው ዋዜማ ኦርቪል ማኅደሩን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ምነው ወፈረ?»

«ኢርማ ትራስ ከታበት ነው። ለትከሻዬ።»

«ትራስ! ብርድ ልብስና ጡጦስ አልጨመረችልህም?»

እራት ላይ ግን ኦርቪል እንደ ወትሮው አልነበረም። ኢርማ የላከችውን በሥጋና በድንች የተሞላ ፓስቲ ግማሽ በልቶ ተወው። «ሬይኖ፣ የምሬን ነው» አለ። «ያቺ የአባትህ ጠመንጃ ትሰብርሃለች። ብትቀር ምን አለበት? ሥጋውን እኔ አመጣለሁ።»

«አንተ ሥጋ ስታመጣ ያየሁት መቼ ነው? ከሱቅ ካልሆነ።»

ኦርቪል አልሳቀም። ሬይኖ ግን ሽርጡ ሲቀርብለት ታየውና አኮረፈ፤ ቶሎ ተኛ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ኦርቪል ቦት ጫማውን ከማሰሩ በፊት፣ ሬይኖ ማኅደሩን አጋዘን በሚጎተትበት የፕላስቲክ መንሸራተቻ ላይ ጭኖ በግራ እጁ እየጎተተ ወጣ። አድፍጦ አጋዘን የሚጠብቅበት ማማ ከረግረጉ ዳር፣ ጥዶቹ መካከል ነው። መሰላሉን ቀስ ብሎ ወጣ። ተቀመጠ። ትንፋሹን ሰበሰበና አቀባበለ።

እዚህ ላይ የሚፈርድበት ሰው ካለ እኛ ጋ ያላደገ ነው። እኛ ማማ ላይ የምናቀባብለው ብረቱን በጣታችን ደግፈን፣ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያጋድም ሰው፣ ድምፅ ሳናሰማ ነው። አባት ለልጁ ከማነጣጠር በፊት የሚያስተምረው ይህንን ነው። አጋዘን የብረት ድምፅ ከሰማ አለቀ፤ ሰፈር ይቀይራል። የሬይኖ እጅም ያደገበትን አደረገ። ማቀባበያውን ጎተተ፤ ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ እያባበለ መለሰው። ጠቅ እንኳ አላለም። እንዲያውም ኮራ።

ጥቂት ቆይቶ ሰማዩ ገረጣ። ከረግረጉ ባሻገር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ቀንድ፣ ከዚያ አንገተ ወፍራም አጋዘን ሙሉ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ሬይኖ ጠመንጃዋን ወደ ጉንጩ አነሳ። መቆለፊያውን ፈታ፣ አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ።

ምንም።

ደገመው። ምንም! ዓይኑን ዝቅ ቢያደርግ የጠመንጃዋ አፍ ጥፍር በምታህል ስንጥቅ ተከፍቶ ቀርቷል። ያን ጊዜ የዶሪን ቀሰር ያለች ጣት ታየችው። ወይኔ ሬይኖ! ወይኔ! ባይለቀው ጠመንጃዋ አትተኩስም፤ ቢለቀው አጋዘኑ ይሰማል። አጋዘኑ አንድ እርምጃ ወደ ጥዶቹ ሄደ። ሌላ እርምጃ ከሄደ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው መስኮት፣ ማንኪያና የሚያርር ድስት ነው።

ማቀባበያውን እስከ መጨረሻ ጎተተና ለቀቀው። ቻክ! ረግረጉ ሁሉ የሰማው መሰለው። ያልተተኮሰችው ጥይት ተፈናጥራ ማማው ወለል ላይ ተንከባለለች። አጋዘኑ ራሱን ቀና አደረገ፤ የፊት እግሩን አንዴ በረዶው ላይ ደበደበ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ፈጠጠ። ሬይኖ ተኮሰ። ሳተ! ትከሻው የማይመጣውን ሕመም ፈርቶ ቀድሞ ሸሽቶ ነበር፤ ጥይቷ ከአጋዘኑ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ መትታ በረዶ አራገፈች። አጋዘኑ ዘለለ። የሬይኖ እጅ እንደ ልማዱ ማቀባበያ ፍለጋ ሊነሳ ሲል ጠመንጃዋ ሥራዋን ጨርሳ እየጠበቀችው ነው። ሁለተኛዋን ለቀቀ። አጋዘኑ ሁለቴ ተንገዳግዶ ወደቀ።

ሬይኖ ጠመንጃዋን ቆልፎ ጭኑ ላይ አጋደማት። ትከሻውን ዳበሰ። ደህና ነው። «አለሁ» አለ ብቻውን፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ብርዱ ነው ብሎ በጓንቱ ጠረገው።

ከማማው ወርዶ አጋዘኑ ጋ ሳይደርስ ግን ረግረጉ ውስጥ በረዶ ሲሰበር ሰማ። አንድ ሰው ኮፍያውን ጥሎ፣ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣ እያለከለከ ይመጣል። ኦርቪል ነው። በመክፈቻ ቀን ጠዋት ማማውን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ቤቱ ካልተቃጠለበት በቀር አይገኝም።

«ደህና ነህ? ሬይኖ! ደህና ነህ?»

«ምን ሆነሃል? ጉልበትህን ያምህ የለም እንዴ?»

ኦርቪል ደረሰና ሁለቱንም ክንዱን ያዘው፤ በቁሙ መኖሩን የሚያረጋግጥ ይመስል። «የአባትህን ጠመንጃ ድምፅ ነበር የምጠብቀው» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «በየዓመቱ እሱን ነው የምጠብቀው። አንዴ ጡም! ስትል፣ ሬይኖ አለ እላለሁ። ዛሬ ከአንተ በኩል ሁለት ተከታትለው ጮኹ። ያንተ አይደለችም። ማማህ ላይ ሌላ ሰው ወጥቷል፣ አንተ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ወድቀሃል ብዬ…» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ሬይኖ ጥቁሯን ጠመንጃ ከጀርባው አውጥቶ አሳየው። ኦርቪል ጠመንጃዋን አየ። አጋዘኑን አየ። እንደገና ጠመንጃዋን አየ።

«በል ተናገር» አለ ሬይኖ። «የአርባ ዓመቱን በሙሉ ዛሬ አውጣው። አልመልስልህም።»

ኦርቪል በረዶው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ለሚስቴ ነግሬያት ነበር» አለ። «ሬይኖ ሽርጥ ካሰረ ጎጆዋን እንሸጣለን ብያት ነው የመጣሁት። እዚህ ብቻዬን ምን ልሠራ ነው? ማንን ልሳደብ ነው?»

«ሽርጥህን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ታዲያ ምን ልበልህ? ፈራሁ ልበልህ?»

ሬይኖ ጠመንጃዋን ዛፍ ላይ አስደገፈ። እሱም ቀስ ብሎ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ደህነኛውን እጁን ኦርቪል ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። ሁለት ሽማግሌዎች ልብሳቸው እየረጠበ ወደ ጥዶቹ ሲያዩ ቆዩ።

«ከእንግዲህ ድምፄ ይሄ ነው» አለ ሬይኖ። «ልመደው።»

«እሺ። ሁለት ከሰማሁ አንተ ነህ።»

«ሁለት ከሰማህ» አለ ሬይኖ፣ ይህን ለመናገር ጉሮሮውን ሁለቴ ጠርጎ፣ «የመጀመሪያውን ስቻለሁ ማለት ነው።»